ከጌሾው ሥር የተፈለፈለው

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2001

አያ ታከለ ፍጉን አንሥተው ጨረሱ። የመጨረሻውን ቅርጫት ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ተሸክመው በአጥራችን ሥር ሲያልፉ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «እንግዲህ ዝንቡም ተከትሎን ወንዝ ይሻገር እንደሁ እናያለን፣ መምህርት» አሉኝ። ያሸነፈ ሰው ምን መልስ ያስፈልገዋል?

አዎ፣ አሸንፌያለሁ። ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ ጠላውን ይዞ እንደተቀመጠ ተነሥቼ ተናገርኩ። የጎረቤቴ የከብት ፍግ ከጓሮዬ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ተቆልሏል፤ ዝንብ ይራባበታል፤ ዝንቡ የልጄን ዓይን ሊያጠፋው ነው አልኩ። የሳይንስ አስተማሪ ነኝና ሽማግሌዎቹ አመኑኝ። ፍጉ በሁለት ቀን ከወንዙ ማዶ ይሂድ ብለው ፈረዱ። የአያ ታከለ የጓሮ ማዳበሪያና የክረምት ማገዶ እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ዓይን ግን ይበልጣል።

ፍሬ አምስት ወሯ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ዓይኗ ይመግላል። ጠዋት ሁለቱም ተጣብቀው ነው የምትነቃው፤ ዓይናሩን በለብ ያለ ውሃ አርሼ እስካላቅቅላት ድረስ ትጮኻለች። ዛሬ ግራው አብጦ ጨርሶ አልተገለጠም።

ነገ ዝንቡ ይቀንሳል። ከነገ ወዲያ ደግሞ የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

አልቀነሰም።

ጡት ሳጠባት ፊቷ ላይ ቆጠርኩ። ግራ ዓይኗ ላይ ስድስት፣ ቀኙ ላይ ሦስት፣ ከንፈሯ ላይ ሁለት። እፍ ስላቸው ተነሥተው እዚያው ይመለሳሉ፤ ሌላ ቦታ ቢወዱ ምናለበት?

አዲሱ፣ ባለቤቴ፣ «ስንብት ላይ ናቸው፤ ዘመድ ሲለያይ ይቆያል» ብሎ ቀለደ። እሱ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው፤ ዝንብ አያውቅም። የቀረው ዝንብ እስኪሞት ጥቂት ቀን ይወስዳል አልኩት። ይህንን ያልኩት ከየት አምጥቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን በአስተማሪ ድምፅ ስለው ለራሴም እውነት መሰለኝ።

ከትምህርት ቤት መልስ የእማሆይን ሽፋሽፍት ነቀልኩ። እማሆይ የአዲሱ እናት ናቸው፤ ከመነኮሱ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የዓይናቸው ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌናቸውን ይወጋቸዋል። በየሳምንቱ በር ላይ ብርሃን ፊት አስቀምጬ በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅልላቸዋለሁ። ዛሬ ስምንት ወጣ። «ዝንብማ ከግንቦት ሙቀት ነው የሚወለድ፣ ልጄ። ዝናም ሲጥል ይጠፋል። ታከለን ባታስቀይሚው ይሻል ነበር» አሉኝ። ዝንብ ከሙቀት አይወለድም፤ ዕንቁላል ይጥላል፤ ዕንቁላሉ እጭ ይሆናል አልኳቸው። «አየሽው?» አሉኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ሥዕል ስዬ፣ በቀስት አገናኝቼ፣ ልጆቹን በቃላቸው አስይዣለሁ። አንድ ቀን በዓይኔ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ነገሩ ቆጨኝና አንድ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አጥቤ ወንዙን ተሻገርኩ። ከአያ ታከለ ፍግ፣ ከእርጥቡ በኩል፣ አንድ እፍኝ አመጣሁ። አፉን በፋሻ አስሬ ማድ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ሙቀት ባለበት አስቀመጥኩት። ዝንብ ሲወጣ እማሆይም ያያሉ፣ ልጆቹም ያያሉ፣ እትዬ ጥሩም ይምጡና ይዩ።

ሌላም ነገር አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የፍሬን ኩስ ለመድፋት ከማድ ቤቱ ጀርባ ወደ ጌሾው ሄድኩ። ሁልጊዜ የምንደፋው እዚያ ነው። እማሆይ ገና አራስ ሳለሁ ነው የነገሩኝ፤ እህል ያልቀመሰ ልጅ ርኩሰት የለበትም፣ የመልአክ ነው፤ ደግሞም የሕፃን ነገር ጉድጓድ አይገባም፣ ዕድሜውን ይቀብረዋል። በመቅበሩ አላምንም። ግን ከእሳቸው ጋር በዚህ ልጣላ? ሽታ እንኳ የለውም፤ ወተት ነው።

የጠዋቱ እዚያው ነበር። ላዩ ላይ ዝንቦች ጎን ለጎን ተደርድረው ኋላቸውን ወደ ስንጥቁ ቀብረዋል። እግሬን ሳነሣ በረሩ። ስንጥቁ ውስጥ ነጫጭ ነገር በክምር አለ፤ ከነጭ ጤፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ እንደ ተሰደረ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት።

ከአፈሩ ጋር በእንጨት ጭሬ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። ለምን እንደወሰድኩት እንጃ። አዲሱ ሁለቱን ጠርሙሶች አይቶ «የቱ ነው የእኛ?» አለኝ። አልሳቅኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

አንድ ሌሊት! አንድ ሌሊት ብቻ!

ጠዋት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣሁት። ነጩ ክምር የለም። በምትኩ ክር የመሰለ ትል፣ ስንቱን ልቁጠረው፣ እየተላወሰ ወደ ውስጥ ይገባል። ዓይን የለው፣ እግር የለው፣ ግን ያውቃል፤ ወደ ጨለማው ይሮጣል። ማታ ዕንቁላል የነበረው ጠዋት ትል ሆነ። መጽሐፉ «በአጭር ጊዜ» ይላል። አጭር ጊዜ ማለት እኔ ተኝቼ እስክነሣ ነው?

የፍጉ ጠርሙስ ዝም ብሏል። አንዲት ጢንዚዛ ብቻ ትርመሰመሳለች።

ክፍል ገብቼ አራተኛ ክፍሎችን ስለ አፈር ዓይነት አስተማርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

እንዲህ ነው ያሰላሁት። ፍሬ በቀን ሦስት አራቴ። አምስት ወር። ሁሉም ከጌሾው ሥር። እና ከጌሾው እስከ አልጋዋ ስድስት እርምጃ።

አይ። ትል ሁሉ የዓይን ዝንብ ይሆናል ያለው ማን ነው? እስኪ ይውጣ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ፍሬን አዝዬ ወገዳ ከተማ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ አዲሱ ጥላ ይዞልኝ። ጤና ጣቢያው ሰው ሞልቶት ነበር።

ነርሱ ወጣት ነው፤ ትዕግሥቱ ደስ ይላል። የፍሬን የዓይን ሽፋን ገልብጦ አየ። ውስጡ ቀልቶ ፍንጣሪ መሳይ ነገር ሞልቶታል። እኔም አየሁት፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር። የዓይን ማዝ ነው አለ። ቀጥሎ ግራውን በባትሪ አየ፤ ደግሞ አየ። «ብሌኗ ላይ ቁስል ቢጤ ጀምሯል። ቅባቱን ቀን በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ጠባሳ ይተው አይተው አሁን መናገር አልችልም» አለኝ።

የአምስት ወር ልጅ። ጠባሳ።

ስለ ዝንቡ ጠየቅኩት። ዓይን ላይ የሚያርፈው ትንሹ ነው፣ ጀርባው ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለው፤ ቤት ውስጥ ምግብ ላይ የሚርመሰመሰው ግን ትልቁ ነው፣ መስመሩም አራት ነው አለ። ትልቁ ፍግም ቆሻሻም አይመርጥም። ትንሹ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እምብዛም አይራባም። ከዚያ ቀና ብሎ «ሽንት ቤት አላችሁ?» አለ።

«ያውም በክዳኑ! ሞዴል ቤተሰብ ነን!» አልኩት። ቱግ ብዬ ነው ያልኩት።

«የልጅቷስ?»

«እዚያው ነው» አልኩ። ዋሸሁ። አዲሱ ጎኔ ቆሞ ጥላውን ያጥፍና ይዘረጋ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ሰንበቴው ላይ ግን አልቀመጥኩም፤ ልጅ ታማብኛለች ብዬ ወጣሁ። አያ ታከለ ዛፉ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። በፊት ከሰው መሐል ነበር የሚቀመጡት። በሰው ፊት የተፈረደበት ሰው እንዲህ ይሆናል ማለት ነው። እጅ ነሣሁ። በጭንቅላታቸው መለሱልኝ።

ትሎቹ ወፍረዋል። የገብስ ቅንጣት አክለዋል።

ከትናንት ጀምሮ የማደርጋቸው፦
ቅባት፣ ጠዋትና ማታ።
ፊቷን በሳሙና፣ ሦስቴ።
ስትተኛ ነጠላ በላይዋ።
ኩሱን እማሆይ ሳያዩ ወደ ሽንት ቤት።

አራተኛው ነው ያስቸገረኝ። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ሽንት ጨርቅ ቀሚሴ ሥር ሸሽጌ እሮጣለሁ። ትምህርት ቤት ስሆን ደግሞ ልጅቷ ከእሳቸው ጋር ናት፤ የእሳቸው እጅ ወደ ጌሾው ነው የሚሄደው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ትል የለም። ሞቱ? ፋሻው አልተፈታም። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ። ከሞቱ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

አልሞቱም። አፈሩን በእንጨት ጎርጎር ሳደርግ ከሥር፣ ከደረቁ በኩል፣ ቡናማ ፍሬዎች ወጡ። የስንዴ ዘር ይመስላሉ፤ ጠንካራ ናቸው። ትሉ በልቶ ሲያበቃ ወደ ደረቅ አፈር ወርዶ ራሱን ከደነ። ሦስተኛው ሥዕሌ ይህ ነው። ሰሌዳ ላይ ስስለው በቡናማ ጠመኔ ነበር፤ ለማማር።

ዛሬ እማሆይ ያዙኝ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ጨርቁን ሳራግፍ ከኋላዬ ጮኹ። «ምን አደረግሽ! የልጄን ልጅ ዕድሜ ጉድጓድ ትጨምሪያለሽ? እኔ ቆሜ?» ቆባቸው ተንሸራቶ ወደቀ። ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። እኔም አልታገሥኩም፤ «ዓይኗን ያጠፋነው እኛ ነን!» አልኳቸው። በዚህ ቃል የተናገርኩት ዛሬ ነው፤ እኔም ራሴ ገና ዛሬ ሰማሁት።

«እኛ? ፍጉ ነው አላልሽም? ታከለን በሽማግሌ ያስፈረድሽበት በምን ነበር?» አሉ።

ራት አብረን አልበላንም። አዲሱ በመሐል ሲመላለስ አመሸ፤ የእናቱንም የእኔንም ጎን ይዞ።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ወጡ።

ጠዋት እሳት ላነድ ስገባ ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ ጥዝዝ ይላል። ዘጠኝ ቆጠርኩ። የአንዳንዶቹ ክንፍ ገና አልተዘረጋም፤ ገርጥተዋል፤ ብርጭቆው ላይ እየወጡ ይወድቃሉ። ቁርስ ሰዓት ላይ ጠቆሩ። ጠርሙሱን በር ላይ ወስጄ ጀርባቸውን አየሁ። ትንንሽ ናቸው። ሁለት መስመር። ሁሉም ሁለት መስመር።

ከፍሬ ፊት ላይ አንዱን በእጄ መትቼ ጣልኩና አጠገባቸው አስቀመጥኩት። ሁለት መስመር።

መሬት ቁጭ አልኩ። እኔው ወልጄ፣ እኔው አጥብቼ፣ ከጡቴ የወጣው ወተት ከጌሾው ሥር ዝንብ ሆኖ ተመልሶ ልጄ ዓይን ላይ አረፈ። እናት ይህንን ታደርጋለች? ያውም የሰው ልጅ የምታስተምር?

የፍጉ ጠርሙስ ውስጥም ሦስት ዝንብ ወጥቷል። ትልልቅ ናቸው፣ አራት መስመር። ተንኮለኛው ልቤ ወዲያው «ይኸው፣ ከፍጉም ወጥቷል! ማን አይቶ ይለያል?» አለኝ። ለአንድ አፍታ እሺ ልለው ነበር። አፈርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ፤ እኔ ነኝ።

አዲሱ አይቶ አልቀለደም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ለእማሆይ አሳየኋቸው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ዕንቁላሉን፣ ትሉን፣ ቡናማውን። ጠርሙሱን ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ይህ ከፍሬ ነው?»

«ከፍሬ ነው፣ እማሆይ።»

«ጥርስ ካላወጣ ልጅ?»

«አዎ።»

ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ሰባት ነው የወለድኩ» አሉ። «የሰባቱንም እዚያው ነው የደፋሁ። እናቴም የእኔን።» ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትልቋ ልጃቸው፣ እስቴ አገር ያገባችው፣ አንድ ዓይኗ በልጅነቷ ጠፍቷል። ቡዳ ነው ሲባል ነው የኖረው።

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሳይነግሩኝ አካፋ ይዘው የጌሾውን ሥር ሲገለብጡ አገኘኋቸው። አመድ ነስንሰውበታል። ጌሾው ራሱ ተቆርጧል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። አያ ታከለን ቤታቸው ሄጄ በስውር ይቅርታ ልጠይቅ ወይ አልኳቸው። ልቤ የፈለገው እንደዚያ ነበር። «የከሰስሻቸው የት ነው?» አሉኝ። «ሰንበቴ ላይ፣ አባ።» «እንግዲያ ቃሉ ከወጣበት ይመለስ። እሑድ ድንጋይሽን ይዘሽ ነይ።»

ድንጋይ። ሰው የገደለ፣ ድንበር የገፋ ተሸክሞ ሲንበረከክ አይቻለሁ። በዝንብ የተሸከመ ሰምቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ እዚያ ይኖራሉ፣ ወላጆቻቸውም። አዲሱ «እኔ ልሸከምልሽ» አለ። የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኩት።

የፍሬ ቀኝ ዓይን ደርቋል። ዓይናር የለውም። ግራው ያው ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 23

አልቋል። ልጻፈው።

ድንጋዩን እማሆይ ነበሩ የመረጡት። ትልቅ አይደለም፤ ግን ትከሻዬ አሁንም ያመኛል። ሰው ተቀምጦ ሳለ ገብቼ አያ ታከለ ፊት ተንበረከክሁ። የሳይንስ አስተማሪ ድምፄ የት እንደገባ እንጃ፤ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ፍግዎ የልጄን ዓይን አልጎዳም፤ የጎዳኋት እኔ ነኝ፤ ዝንቡ ከእኔው ጓሮ፣ ከገዛ ልጄ ኩስ ነው የተፈለፈለው፤ በሐሰት አስፈረድኩብዎ አልኩ። «ኩስ» ስል ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

አያ ታከለ «ስሚ፣ ልጄ» አሉ። «ዝንብ ከየትም ይምጣ፣ እሱን አላውቅም። እኔን ያንገበገበኝ አንድ ቀን እንኳ አጥር ዘልቀሽ ‹አያ ታከለ፣ እስኪ ይህን ፍግ› ሳትይኝ በሰው ፊት ማቆምሽ ነው። ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር?»

አይሉም ነበር። ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ዝንብ ብቻ ነበር የማስበው። አለቀስኩ። ተነሥተው ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረዱና «እግዜር ይፍታሽ፣ እኔም ፈትቻለሁ» አሉ። ፍጉን እኔና አዲሱ ተሸክመን እንመልሳለን አልኩ። «የለም፣ እዚያው ይሁን፤ አንዴ ተሻግሯል። ለእርሻው ቀርቦኛል» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሴቶቹ ግን አልሳቁም። አንዷ ሌላዋን ታያለች፤ ሌላዋ መሬት ታያለች። እትዬ ጥሩ ጎተት አድርገው ጆሮዬ ላይ «ጡት ብቻ የሚጠባውም?» አሉኝ። የሦስት ወር የልጅ ልጅ አላቸው። «እሱም፣ እትዬ» አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሰኞ፣ ግንቦት 24

ጎሕ ሲቀድ በዶማ ድምፅ ነቃሁ። አያ ታከለ ከአጥሩ ወዲያ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። እትዬ ጥሩ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ስንት ክንድ ይጥለቅ?» ሲሉ እኔ አፌን ሳልከፍት እማሆይ «ሦስት! ክዳኑን እንዳትረሱ!» ብለው መለሱ።

ዝንቡ አለ። ጥቂት ነው፤ ዛሬ ፊቷ ላይ ሁለት ብቻ ነው የቆጠርኩት፤ ግን አለ። የመንደሩ ጓሮ ሁሉ ገና ነው።

ፍሬ ዛሬ ያለ ውሃ፣ ያለ ልቅሶ፣ በራሷ ሁለቱንም ዓይኗን ገለጠች። ግራው ላይ ወደ ጥግ ስስ ነጭ ነገር ይታየኛል። ወይ ብርሃኑ ነው፤ አላውቅም። ወገዳ የምንመለሰው የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ አልቻልኩም። ጭኔ ላይ አስተኝቼ ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩና የሌላኛውን እጄን ጣት በግራ በኩል አመጣሁት። ምንም። ደገምኩ፤ ፊቷን አዞረች፣ ግን ወደ ድምፄ ይሆናል። በሦስተኛው ትንፋሼን ይዤ፣ ድምፅ ሳላሰማ አመጣሁት፤ እጇን ዘርግታ ጣቴን ያዘችው።